ጂሜይሌ ሞላ፣ ምን ላጥፋ?

ጥያቄ፦ ጂሜይሌ ሞልቷል እያለ አዲስ መልእክት አልቀበል አለኝ። ማስታወቂያ ስሰርዝ ብውልም ጠብ የሚል ነገር የለም። ምን ይሻለኛል? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ማስታወቂያው ብዛቱ ነው እንጂ የሚይዘው ቦታ ኢምንት ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጥሽን 15 ጊጋባይት ጂሜይል፣ ድራይቭ (የፋይል ማስቀመጫው) እና ፎቶስ (የፎቶ ማስቀመጫው) ስለሚጋሩት መጀመሪያ የትኛው እንደበላው እዪ። ኢሜይሉ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ ከመፈለጊያው ሳጥን ጎን ያለውን ምልክት ተጫኚና መጠኑን ከ10 ሜጋባይት በላይ በዪው፤ የዛሬ ስንት ዓመት የተላከ የሠርግ ፎቶ ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣልሻል። የማትፈልጊውን ሰርዢ። ቅርጫቱንም ባዶ አድርጊ፣ አለዚያ እስከ 30 ቀን ቦታሽን ይዞ ይቀመጣል። አርካይቭ ማድረግ ከዓይን ያርቃል እንጂ ቦታ አይለቅም (ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል)። ለማስታወቂያው ደግሞ ከላኪው ስም አጠገብ ያለውን «አንሰብስክራይብ» (ከእንግዲህ አትላኩልኝ ማለት ነው) ተጫኚ፤ ጭራሽ የማታውቂው ላኪ ከሆነ ግን ወደ ስፓም ወርውሪው።