ዳቦውን ጅማ አትጋግሪው፤ እርሾውን ይዘሽ ላንጋኖ ውረጂ

ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት እህቴ። ነሐሴ ላይ ልጆቹን ይዛችሁ ላንጋኖ ልትከርሙ ነው፤ ድፎ ዳቦውን ከጅማ ጋግሬ ልሂድ ወይስ እዚያው ልጋግር ነው ያልሽው። ክረምት በገባ ቁጥር ሊጡ አልኩፍ እያለ እንደሚያስቸግርሽም ጽፈሻል። እኛም ትምህርት ሲዘጋ ከጅማ ተነስተን ላንጋኖ የምንወርድ ቤተሰብ ነን። ዳቦውን ደግሞ እኔ ነኝ የምጋግረው። ስለዚህ የማውቀውን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

እዚያው ጋግሪ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ላንጋኖ ደግሞ ሌላ 200። አድረሽ ነው የምትደርሺው። ትኩስ ድፎ ተጠቅልሎ እንደዚያ ሲጓዝ ያልበዋል፣ ቅርፊቱ ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያ ሻጋታው ነው የሚቀድምሽ። የግድ ጋግረሽ መሄድ ካለብሽ ኮባውን ላጪለት፣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው። ፌስታል አታስነኪው።

አሁን ወደ ሊጡ እንምጣ። ጅማ ክረምት ላይ ፀሐይ ጠፍታ ነው የምትውለው፤ ሌሊት ደግሞ ቤቱ ይቀዘቅዛል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራል። 15 ዲግሪ ላይ ይንቀራፈፋል እንጂ አይሞትም። ሊጥሽ ምንም አልሆነም፤ ጊዜ ነው የፈለገው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቸኩሎ እርሾ ይጨምራል። እኔ ይሄን ፈጽሞ አልመክርሽም። ዳቦው እርሾ እርሾ ይሸታል፤ ሲቆረስም ይፈረፈራል። እኔ ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃና 20 ግራም ጨው አደርጋለሁ። በዚያው ቀን የሚጋገር ከሆነ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ማታ ተቦክቶ የሚያድር ከሆነ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ጥቁር አዝሙዱ እንደ እጅሽ ነው። ውሃውን ለብ አድርጊው፤ እጅ የሚያቃጥል ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ማታ አቡክቶ ጠዋት መጋገር ለጅማ ክረምት የሚስማማ ነው። ጣዕሙም ይለያል። እንጀራ የጋገርሽበት ቀን ከሆነ ደግሞ ምጣዱ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ ይቆያል፤ የሊጡን ዕቃ አጠገቡ አስጠግተሽ ጋቢ ደርቢበት። ዱቄትም በዝናቡ ወራት እርጥበት ስለሚስብ ውሃውን በአንዴ አትጨርሺው፤ ጥቂት አስቀርተሽ እያሸሽ ጨምሪ።

ለጉዞው ከጅማ መያዝ ያለብሽ ዋናው ነገር ኮባ ነው። እኛ ጋ በየጓሮው እንሰቱም ሙዙም ስላለ ማንም አያስበውም። ሀይቁ ዳር ግን የምታዪው ግራር ነው። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ አድርጊው፤ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይቀደድም። ከዚያ ጠቅልለሽ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው። ደረቅ እርሾ የምትጠቀሚ ከሆነ ሌላ ጣጣ የለውም። እኔ ግን ካለፈው ሊጥ ያስቀረሁትን እርሾ ነው የምይዘው። ዳቦው ኮምጠጥ የሚል፣ እናቶቻችን ቤት የምናውቀው ዓይነት ይሆናል። እሱን ስትይዢ በዱቄት ጠንከር አድርጊው፤ ዕቃውንም ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ምክንያቱም ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ጊቤ በረሃ ስትወርጂ ደግሞ ድልድዩ ጋ ወደ 1,100 ሜትር ነው። ሙቀቱ ሲያገኘው እርሾው መኪና ውስጥ መነሳት ይጀምራል። ክዳኑን ላላ አድርጊው፤ ከታች የላስቲክ ሳፋ አስቀምጪለት።

ላንጋኖ ስትደርሺ ነገሩ ይገለበጣል። ከጅማ ይልቅ ይሞቃል፣ አየሩም ደረቅ ይላል። በቀን የምትጋግሪው ከሆነ የእርሾውን መጠን በግማሽ ቀንሺ። ውሃውን ደግሞ ትንሽ ጨምሪ። ሊጡን ክፍቱን አትተዪው፤ ነፋሱ ላዩን አድርቆ ቅርፊት ያበጅለታል፣ ከዚያ በኋላ እንደልቡ አይነሳም። እርጥብ ጨርቅ ወይም ኮባ ይሸፍነው። ስታቦኪም ከአሸዋው ራቅ በዪ። ልጆች እየሮጡ የሚያስነሱት አሸዋ ሊጥ ውስጥ ከገባ የሚወጣበት መንገድ የለም።

አጋገሩ እንዲህ ነው። ወፍራም ብረት ድስት ከነክዳኑ ያዢ። ኮባውን ታችና ዙሪያውን አንጥፊ፣ ሊጡን ገልብጪበት፣ የተረፈውን ቅጠል ከላይ እጠፊው። ፍሙን ከታች ጥቂት፣ ክዳኑ ላይ በዛ አድርጊው። ታቹ ድስቱን በቀጥታ ስለሚነካ ቀድሞ የሚያረው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ክዳኑን አታንሺ። የ1 ኪሎ ዱቄት ድፎ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቀጭን ስንጥር ወግተሽበት ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ፣ ጀርባውን ስታንኳኪውም ባዶ ድምፅ ሲሰጥ በስሏል። እሳት ከማንደድሽ በፊት ግን ያረፋችሁበትን ቦታ ሰዎች ጠይቂ፤ የማይፈቅዱ አሉ። ከሰሉን እኛ ከቤት ነው የምንይዘው። በዚያ አካባቢ ግራሩ እየተመነጠረ ከሰል ሆኖ አልቋል፤ ከአብያታ ሻላ ፓርክ ጀምሮ መሬቱ ምን ያህል እንደተራቆተ ከመንገዱ ሆነሽ ታዪዋለሽ። ያንን አይቶ የቆመ ቅርንጫፍ መስበር ከልብ ያሳዝናል።

ሰዓቱን እንዲህ ብታደርጊው ጥሩ ነው። ጠዋት ማልደሽ አቡኪው። ጠዋት ሀይቁ ጸጥ ያለ ስለሆነ ልጆቹ የሚዋኙት ያን ጊዜ ይሁን። ሊጡ እነሱ ሲዋኙ ይነሳል። ረፋድ ላይ ድስቱን ጣጂው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ ፍሙ ቶሎ ይነድና ዳቦውን ያሳርርብሻል፤ ማዕበሉም ለትንንሽ ልጆች አይሆንም።

አደራ የምልሽ ነገር ዳቦ የሚጠብቀውና ልጆች የሚጠብቀው ሰው አንድ እንዳይሆን ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ የገባን ልጅ ከሥር አያሳይሽም። ብዙ ሰው ላንጋኖን የሚመርጠው ቢልሃርዚያ የለበትም እየተባለ ስለሆነ ልቡን ጥሎ ይገባል። ዓይን ግን ከውሃው መነሳት የለበትም። እኛ ቤት አባታቸው ውሃው ዳር ይቀመጣል፣ እኔ እሳቱ ጋ ነኝ፤ ማንም ቦታውን አይለቅም። ለማታ ደግሞ አጎበር ያዢ፣ ስምጥ ሸለቆ ነውና ወባ አለ።

ይሄን ሁሉ ድካም ለምን ትይ ይሆናል፤ ከመንገድ ላይ ዳቦ መግዛት ይቻላል። እኔ ግን ይሄን የክረምት ዕረፍት ያለ ዳቦ መጋገር አላስበውም። ልጆች ከውሃ ሲወጡ የሚርባቸው ረሃብ ሌላ ነው። እየተንቀጠቀጡ መጥተው ኮባው ሲገለጥ የሚወጣው ሽታ ላይ ይሰበሰባሉ። ቤት ውስጥ ማዕድ ቤት ዝር የማይሉት እንኳ እዚያ ሊጥ ካላሸን ይላሉ፤ ጊዜ አላቸዋ፣ የሚጠራቸው ቴሌቪዥንም የለም። የጅማ ማር ካለሽ ያዢ። ጀበናም አትርሺ፤ የኛን ቡና ለጎረቤት ድንኳን ስታቀምሺ ቀኑን ሙሉ ወዳጅ አገኘሽ ማለት ነው።

ነሐሴ ብለሻልና ፍልሰታ ትገጥማችኋለች፣ ከ1 እስከ 15። የምትጾሙ ከሆነ ሊጡ ላይ ወተትም ቅቤም አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ሾርባ ማንኪያ ዘይት ያለሰልሰዋል። የማይጾም ከዓሣ ጥብስ ጋር ይብላው። 13 ደግሞ ቡሄ ነው። እዚያ ከሆናችሁ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሳይሉ እንዳይቀሩ። ለሙልሙሉ ሊጡን ከድፎው ጠንከር አድርጊው፣ ለ1 ኪሎ 550 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። በእጅሽ መዳፍ ልክ አድቦልቡለሽ፣ ኮባ አንጥፈሽ እዚያው ድስት ውስጥ አራት አራቱን ጋግሪ። በ25 ደቂቃ አካባቢ ይደርሳል። ዝም ብለሽ ከልጆችሽ ቁጥር በላይ አቡኪ፤ የጎረቤት ድንኳን ልጆችም ዘፈኑን ሲሰሙ መምጣታቸው አይቀርም።