ለአዳር ሠራተኞች፦ ስለ ምግብና ልብ ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ 11 ዓመት የአዳር ተረኛ ነርስ ነበርኩ፤ አሁን የደም ግፊት ክትትል ላይ ነኝ። ከምግብና ከልብ አትውጡ እንጂ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጨርቃ ጨርቅ ነው የምሠራው። ልብ የሚጎዳው ሌሊቱ ነው ወይስ የምንበላው?

መልስ፦ ተጋግዘው ነው የሚጎዱት። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የያዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ሃርት አታክ በፈረቃ ሠራተኞች ላይ ከሌላው በ23 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ከመቶው 23ቱ ይታመማሉ ማለት ግን አይደለም፤ ይህን እያምታቱ ሰው የሚያስፈራሩ አሉ።

ጥያቄ፦ ጥበቃ ነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንጀራዬን ካልበላሁ አልቆምም።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንጀራው ምን አደረገ፤ ሰዓቱ ነው እንጂ። ሌሊት ኢንሱሊን፣ ማለት ስኳርን ከደም የሚያወጣው ሆርሞን፣ እንደ ቀኑ አይሠራም፤ ያው ምግብ ሌሊት ሲበላ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሙከራ ሰዎች እንደ አዳር ሠራተኛ እንዲነቁ ተደርጎ፣ ሌሊትም የበሉት የደም ስኳራቸው 6.4 በመቶ ጨመረ፤ ቀን ብቻ የበሉት ላይ ጭማሪ አልታየም። ተሳታፊዎቹ 19 ብቻ ስለሆኑ እንደ ሕግ አልይዘውም። ቢሆንም ዋናውን ራት ከቤት ሳይወጡ፣ 1 ሰዓት ገደማ ይብሉ። ሌሊት ሆድ ካስቸገረ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ ወይም አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰዓት ከመቀየርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ሻይስ?

መልስ፦ ስኳሩን ቁጠሩት። በብርጭቆ 3 ማንኪያ፣ በአዳር 4 ብርጭቆ፣ ወደ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የቀን ጣሪያ ያደረገው 50 ግራም ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የጣና ዓሣ ለልብ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ሁሌ ቆሮሶ ጥብስ ነው የምበላው።

መልስ፦ ዓሣው ጥሩ ነው፤ እኔ የምፈራው መጥበሻውን ነው። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈላ የዋለ ከሆነማ አታንሳው። ጉላሹን ወይም ሾርባውን እዘዝ፣ ጨው ይቀንሱልህ፤ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይለፍ። ቆሮሶ ብዙ ቅባት ስለሌለው ለልብ ጥሩ የሚባለውን የዓሣ ቅባት፣ ኦሜጋ 3ን፣ በብዛት አትጠብቅበት።

ጥያቄ፦ በጾምስ? እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም።

መልስ፦ አንቺ እንዲያውም ታድለሻል። ከአዳር ገብተሽ ተኚ፣ ስትነሺ 9 ሰዓት ይደርሳል፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ያኔ በደንብ ብዪ። ጾሙን የሚያበላሸው ሌሊት በፓስቲ መካካስ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአዳር ሲመለስ ደረቴን ተጫነኝ ይላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ምን ላብላው?

መልስ፦ ምንም። እህቴ፣ ይህ የምግብ ጥያቄ አይደለም። ይተኛና ያልፍለታል አትበዪ፤ ባጃጅ ጥሪና ሆስፒታል ውሰጂው፣ የልብ ምርመራ ኢሲጂ ይነሣ። አሁን ይዞት ከሆነ ይህን ማንበብ ትተሽ ውጪ።