ለጣሪያ ማን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ የምኖር መምህርት ነኝ። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ግድግዳው አልቋል፣ ጣሪያው ቀርቷል። ምእመኑ ሰጥቶ ሰጥቶ ደክሞታል። ለውጭ ለጋሾች ደብዳቤ ጽፈናል፤ ኮፒውን ልኬልዎታለሁ። “ፈንድ አመጣላችኋለሁ፣ ቅድሚያ ግን ማስኬጃ ክፈሉኝ” የሚል ሰውም መጥቷል። ምን ይሉናል?
የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ከጅማ

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጅማ ቡና መጋዘን ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ መልሴም የሒሳብ ሠራተኛ መልስ ነው።

ደብዳቤያችሁ ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ሰላምታና ቡራኬ ነው። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ “የቻላችሁትን ያህል ትረዱን ዘንድ” ይላል። ይህ ንግሥ ላይ ጥላ ዘቅዝቆ ለሚለምን ይሆናል። ፕሮጀክት የሚገመግም ሰው ግን ስንት ብር፣ ለምን፣ እስከ መቼ፣ ማን ይፈርማል ነው የሚለው። ቡና ገዢ ናሙናውን ሳያይ ዋጋ እንደማይቆርጠው ማለት ነው።

ደግሞ ልንገርሽ፣ አብዛኛው የውጭ ለጋሽ ለአምልኮ ቤት ግንባታ ገንዘብ አይሰጥም። ኮሚቴው ውስጥ “ላሊበላስ?” የሚል አይጠፋም። ለቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና የውጭ ገንዘብ የመጣው በቅርስነቱ ነው፤ ላሊበላ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለ። የእናንተ ግድግዳ ገና ሲሚንቶው አልደረቀም።

ለጋሾች የሚሰጡት ለውኃ፣ ለጤና፣ ለትምህርት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ አጥቢያችሁ በዚያ ሕግ የተመዘገበ ድርጅት አይደለም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ውኃ ማውጣት ወይም መዋዕለ ሕፃናት መክፈት ካሰባችሁ፣ በሀገረ ስብከታችሁ በኩል የቤተ ክርስቲያኗን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ጠይቁ። ጣሪያውን “ክሊኒክ” ብላችሁ ግን እንዳታስገቡት። ኦዲተር መጥቶ ክሊኒኩን አሳዩኝ ሲል ምን ልትሉት ነው?

ታዲያ ለጣሪያ ማን ይሰጣል? ጣሪያውን የሚያውቀው ሰው። የቡና ነጋዴው፣ አዲስ አበባና አሜሪካ ያሉት የሰፈሩ ልጆች። ጅማ ውስጥ ሳይጠየቅ ሲሚንቶ የሚልክ ሙስሊም ጎረቤትም አይጠፋም፤ እሱንም በደንብ አመስግኑት። ሰው ደከመው ያልሽውን ግን አላምንም። እስካሁን የሰጠው የት እንደደረሰ በወረቀት አይቶ ያውቃል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ አንድ ገጽ ለጥፉ፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ደረሰኙ ቁጥር ይኑረው። የባንክ ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይሁን፤ በሊቀ መንበሩ ስም ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይሩት።

ከዚያ ጣሪያውን በታትኑት። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ስንት፣ ብረቱ ስንት፣ ሚስማሩ ስንት፣ የሠራተኛው ስንት። አሸንዳውን አትርሱ፤ የጅማ ዝናብ አሸንዳ የሌለው ግድግዳ አይምርም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። ደብዳቤው እንዲህ ይጀምር፦ “ጣሪያው ይህን ያህል ብር ይፈልጋል። ይህን ያህሉን ሰብስበናል። ከእርስዎ የምንጠይቀው የፊት ለፊቱን አሸንዳ ነው።” ቡራኬው መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ይበቃዋል። የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤና የሀገረ ስብከቱ የድጋፍ ደብዳቤ አብረው ይያያዙ።

ጊዜውንም ምረጡ። ነሐሴ ላይ ቡና ነጋዴ ዘንድ ብትሄጂ እሱም ተበድሮ ነው ያለው። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ እጁ ሲገባ ሂጂ። ሥራውም በበጋ ያልቅላችኋል።

ስለ ሰውየው፦ እኔ የማውቀው ለጋሽ ማመልከቻ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቅም። ፕሮፖዛል ጽፎ ላቡን የሚጠይቅ ባለሙያ ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ሥራው ታይቶ ነው የሚከፈለው። የለጋሹን ስምና አድራሻ በወረቀት ይስጣችሁና ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። እምቢ ካለ ሸኙት።