በዓለም አቀፍ የበረዶ ሆኪ ውድድሮች አቻ የሆነ ጨዋታ እንዴት ይለያል?

በዓለም ሻምፒዮና 60ው ደቂቃ በአቻ ውጤት ሲያልቅ አንዱ ቡድን 2፣ ሌላው 1 ነጥብ የሚያገኘው ለምን እንደሆነ ለጠየቁት፣ ምክንያቱ የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን የሚጠቀምበት የ3 ነጥብ አሠራር ነው። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ ቡድን ሦስቱንም ነጥብ ይወስዳል፤ አቻ ከሆኑ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ይዘው፣ የቀረችው አንድ ነጥብ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ለሚያሸንፈው ትሰጣለች።

በምድብ ጨዋታዎች ተጨማሪው ሰዓት 5 ደቂቃ ሲሆን፣ ከግብ ጠባቂዎቹ ሌላ ሦስት ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ይሰለፋሉ፤ ጎል እንደተቆጠረም ጨዋታው ያበቃል። ጎል ካልተገኘ ወደ መለያ ምት ይኬዳል። መደበኛዎቹ ምቶች አሸናፊ ካልለዩ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ተጫዋች ደጋግሞ እንዲመታ ይፈቀዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሶቺ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቲ.ጄ. ኦሺ ሩሲያ ላይ 6 ጊዜ መትቶ 4ቱን ያስቆጠረው በዚህ ምክንያት ነበር።

የፍጻሜ ጨዋታ ግን ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን ካናዳን አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮናን የወሰደችው በመለያ ምት ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ግን የወርቅ ሜዳሊያው ጨዋታ ጎል እስኪቆጠር ድረስ በ20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ይቀጥላል። በእኔ እምነት ይህ ትክክለኛ ለውጥ ነው፤ የቡድን ስፖርት ሻምፒዮን በቡድን ጨዋታ ሊለይ ይገባዋልና።