ቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ ቤት ሌላ ለሆነው ልጅሽ

ሰላም እህቴ። የ15 ዓመቱ ልጅሽ ሰንበት ትምህርት ቤት ጎበዝ ዘማሪ ነው፤ ቤት ግን ይዋሻል፣ ታናሹን ይመታል። ምሳሌ 20፥11 ልጅ በሥራው ይታወቃል ስለሚል፣ የትኛውን ልመን ነው ጥያቄሽ።

እኔ ብሆን የቤቱን አስቀድማለሁ። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ እኮ ካህናት ነበሩ። ሎሌያቸው ግን ሕዝቡ መሥዋዕት የሚያቀርብበት ቦታ ይመጣና ጥሬውን ሥጋ ካልሰጣችሁ በግድ እወስዳለሁ ይላል። ማገልገላቸው ጠባያቸውን አልሸፈነውም።

ዳዊትን ደግሞ እዪው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንበሳውና ስለ ድቡ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን 1ኛ ሳሙኤል 17፥20 ነው። አባቱ ለወንድሞችህ ስንቅ አድርስ ሲለው ማልዶ ተነሣ፤ በጎቹን ግን ሜዳ ላይ ጥሎ አልሄደም፣ ለጠባቂ ተወ። በኋላ ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ በጎቹን ለማን ተውክ ብሎ ጮኸበት። ልጁ ግን ጣጣውን ጨርሶ ነው የመጣው! ማንም ባላየው ጊዜ።

ይህን ስል ልጁን "ውሸታም" ብለሽ ስም አውጪለት ማለቴ አይደለም። ዮሐንስ ማርቆስ በአገልግሎት ጉዞ ላይ ጳውሎስንና በርናባስን በጵንፍልያ ጥሏቸው ሲመለስ ጳውሎስ ተቀይሞት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ለጢሞቴዎስ ጻፈለት።

ስለዚህ ከመዝሙሩ አታስቀሪው። ታናሹን ሲመታ ግን እዚያው ይቅርታ ይጠይቅ። ቤት ውስጥም አንድ ኃላፊነት ስጪው፤ ደግሞ ቆመሽ አትጠብቂው።