ድረ ገጽ ለምትገመግሙ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የምትለምዱት ቃል «ያምራል» ነው፤ መጀመሪያ መተው ያለባችሁም እሱኑ ነው። ገጹ ማማሩን ባለቤቱም ያያል። ባለቤቱ የማያየው ሌላው ሰው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ነው፤ የምትቀጠሩትም ለዚያ ነው።

ምሳሌ ይዘን እንነጋገር። ከደሴ አዲስ አበባ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ ገምግሙ ተባላችሁ እንበል። ገጹን ከፍታችሁ መዞር ከመጀመራችሁ በፊት ሰው የሚመጣበትን ጉዳይ ጻፉ፦ «ነገ ጠዋት አዲስ አበባ መድረስ ያለበት እንግዳ አለብዎት፤ መሄጃ ይፈልጉለት።» ገጹ ላይ «ወንበር ያስይዙ» የሚል ቁልፍ ካለ «ወንበር ያስይዙ» ብላችሁ አትዘዙ። መልሱን ከጥያቄው ጋር ሰጣችሁት ማለት ነው።

ከዚያ ስልኩን ሰጥታችሁ ዝም በሉ። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። አንዲት የሰኞ ገበያ ነጋዴ ስልኩን ይዘው አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች ሲል፣ ተፈላጊው ቁልፍ ዐይናቸው ሥር ሆኖ ሲያልፉት፣ «እዚያ ጋ ነው» ለማለት ምላሳችሁን ይበላችኋል። ዋጡት። «ይሄን ልንካው እንዴ?» ካሉ «እማማ፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?» በሉ። የምትጽፉት የነኩትን የመጀመሪያ ነገር፣ ወደ ኋላ የተመለሱበትን ቦታ፣ ሳያስቡት ያጉረመረሙትን ቃል፣ የፈጀባቸውን ደቂቃ፣ መጨረስ አለመጨረሳቸውን ነው። ሲያበቁ «እንዴት ነበር?» ብትሏቸው ሦስት ጊዜ ተሳስተው ሳይጨርሱም «ኧረ በጣም ጥሩ ነው፣ ተባረኩ» ይሏችኋል። የወሎ ሰው እንግዳ አያሳፍርም። ስለዚህ ከአፋቸው ይልቅ እጃቸውን እመኑ፤ ገና ሳይጀምሩም የሚፈተነው ገጹ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ንገሯቸው።

ስንት ሰው ይበቃል? ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የሙያው ሰው 5 ይላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ተጠቃሚ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ቢገልጥ፣ አምስቱ አንድ ላይ ወደ 85 በመቶ ያወጣሉ። ግን አምስቱም የኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከሆኑ ያገኛችሁት የተማሪን ችግር ብቻ ነው። ከነጋዴው ሦስት፣ ከተማሪው ሦስት ብታደርጉ ይሻላል።

ፈተናውን በቢሮ ዋይፋይና በአዲስ ላፕቶፕ አትሥሩ። ሰውየው በሚይዘው ርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ፒያሳ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት። ጎግል ያስቀመጠው ልክ አለ፦ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ ሲነካ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ይስጥ፣ የገጹ መንሸራተት ነጥብ ከ0.1 አይብለጥ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይንቁታል። «ክፈል» የሚለውን ለመንካት ጣት ሲወርድ ዘግይቶ የመጣ ማስታወቂያ ገጹን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጣቱ «ሰርዝ» ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለማስታወቂያውና ለምስሉ ስፋትና ቁመት አስቀድሞ ቦታ መያዝ። ላይትሀውስ የሚባለው መሣሪያ ይህን መንሸራተት ይለካላችኋል። ግን መቶ ከመቶ የሰጠው ገጽ ሰው የማይጨርስበት ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ሰዓታችንን አያውቅምና።

ሰዓቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል፤ ገጹ ግን «5:00» ብሎ ጻፈ። ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሲደርስ አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢትን አልፏል። «ንጋት 11 ሰዓት» ብሎ በቃል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፦ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያልተናገረ ቅጽ 1990 ዓ.ም. የተወለደውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል፤ 12 ወር ብቻ የሚዘረዝር ደግሞ ጳጉሜ የተወለደውን ሰው ልደት ይነሳዋል።

ስም ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን እኛ ጋ ትርጉም የለውም፤ የእናትና የልጅ ሁለተኛ ስም አይገጥምም። «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ይበል። ሌላው መዘዝ ሞክሼ ፊደል ነው። ተሳፋሪው «ሐሰን» ብሎ ተመዝግቦ መናኸሪያ ላይ ያለው ሠራተኛ «ሀሰን» ብሎ ሲፈልግ «አልተገኘም» ይለዋል። ፍለጋው ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን ከነርቢያቸው እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ የፕሮግራመሩ ሥራ ነው። ችግሩን ማግኘት ግን የእናንተ ነው፤ ሁለቱንም አጻጻፍ ሞክሩ። ስልክ ቁጥሩንም በ09፣ በ07፣ በ+251፣ መሃል ላይ ክፍት ቦታ ትታችሁም አስገቡት። ማናቸውንም «ስህተት» ብሎ የሚመልስ ቅጽ ራሱ ነው የተሳሳተው።

ፊደሉን በተመለከተ፦ ለላቲን የተመረጠ መጠን ለግዕዝ ይጠባል። ከ16 ፒክስል በታች ሲወርድ ቋና ቈን መለየት ያቅታል፤ የመስመር ርቀቱም የፊደሉ መጠን 1.6 እጥፍ ገደማ ይሁን። ደማቅ (ቦልድ) ቅርጽ የሌለው ፎንት ላይ ብራውዘሩ በግድ ሲያደምቀው ፊደሉ ይድቦለቦላል። ዘመም ያለ ግዕዝ ለእኔ ነፋስ የመታው አጥር ይመስለኛል። ቀለም ላይ ብዙ አትድከሙ፤ ጽሑፉና መደቡ በብሩህነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለያዩ፣ ቁልፉ ከ24 በ24 ፒክስል አይነስ፣ ቢቻል 44 ይድረስ።

ሪፖርቱን ስትጽፉ «ቁልፉን አረንጓዴ አድርጉት» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከስድስቱ አራቱ የመክፈያውን ቁልፍ ሳያዩ አለፉ» በሉ፤ መፍትሔው ከዚያ ይመጣል። እያንዳንዱን ከ0 እስከ 4 መዝኑት፦ 4 ሰው ጉዳዩን ሳይጨርስ የሚመለስበት ነው፣ 1 ጊዜ ሲገኝ የሚጠገን። የሰዓቱ ስህተት 4 ነው፤ የፎንቱ 2 ቢሆን ነው። ሃምሳ ነጥብ ደርድራችሁ አትስጡ፤ ባለቤቱ ቀላሎቹን ጠግኖ ከባዶቹን ይተዋቸዋል። አምስት ስጡት።

ሲጠገን እንደገና ፈትኑ፤ ግን እማማን አትመልሷቸው። ቁልፉ የት እንዳለ አሁን አውቀውታል።