ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሲራመዱ ተረከዝ ቢታመም

ጋሼ፣ የልብ ደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ከሦስት ወር በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ በእግር መጓዝ ቢጀምሩም፣ ተረከዝዎ ስላስቸገረዎት ጉዞውን ይተዉት እንደሆነ ጠይቀዋል። እንዲተዉት አልመክርም፤ አስቀድሞ ግን ሕመሙን መለየት ያስፈልጋል።

ከአልጋ ሲነሡ ተረከዝን የሚወጋና ጥቂት ሲራመዱ የሚቀልል ሕመም ብዙውን ጊዜ የውስጥ እግርን የሚደግፈው ጅማት መቆጣት ነው። ዳገት ሲወጡ ባትን ጨምድዶ ይዞ ቆም ሲሉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ ከሆነ ግን የእግር ደም ቅዳ (ደም ከልብ የሚያመጣው ቧንቧ) መጥበብ ሊሆን ስለሚችል፣ የልብ ቧንቧው የጠበበበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ሊያልፈው አይገባም። ለቀዶ ሕክምናው ደም መልስ (ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ቧንቧ) ከእግርዎ ተወስዶ ከሆነ በዚያው በኩል ቁርጭምጭሚት አካባቢ መጠነኛ እብጠትና መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ ሆኖም አንድ እግር በድንገት አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ ከታመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ለጅማቱ ወፍራምና ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ (የፕላስቲክ ጫማ ለዚህ አይሆንም)፣ ግድግዳ ተደግፈው ባትዎን ለ30 ሰከንድ ያህል ወጠር አድርገው ደጋግመው ያፍታቱ፣ ጉዞውንም በሜዳማ መንገድ ለ10 ለ10 ደቂቃ ከፋፍለው ያድርጉት። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ውርጩ እስኪለቅና ፀሐይ እስክትሞቅ ቢጠብቁ ለልብዎም ለእግርዎም ይሻላል። ሕመሙ ካልበረደ ሐኪምዎን አማክረው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ ብቻ የሚሽከረከር የስፖርት ብስክሌት መጠቀም ይችላሉ።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን በራስዎ ገዝተው አይዋጡ፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ፣ ለልብም አይበጁም።